የአሮጌው ሆቴል ደረጃ

ባለፈው ወር መጋረጃ ልገዛ ወደ መሀል ከተማ ወረድኩ። ቅዳሜ ነበር፤ ሐበሻ ሰፈር እንደ ወትሮው ሰው በሰው ላይ ነው። ባለሱቋ የምፈልገው ቀለም ፎቅ ላይ ባለው መጋዘኗ እንዳለ ነግራኝ "ተከተይኝ" አለች። በሁለት የጫማ ሱቆች መካከል ተጣብበን አልፈን አንድ ሰፊ የእንጨት ደረጃ ሥር ስንደርስ የወለል ሰም ሽታ አፍንጫዬን መታው። ባለሁበት ቆምኩ። ከኋላዬ ካርቶን የተሸከመ ሰው "እህት፣ አሳልፊኛ!" እስኪል ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

ሕንጻውን ከውጭ አላወቅኩትም ነበር፤ ፊቱን የሱቅ ማስታወቂያ ሸፍኖታል። ደረጃውን ግን አወቅኩት። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ አንድ ክረምት እዚህ ቤት ኖሬአለሁ።

ክረምት ስል የዚህን አገር፣ የደቡብ አፍሪካን ክረምት ነው። እኔና እናቴ ከሆሳዕና የመጣነው በሰኔ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንዱ ሐበሻ "ክረምት ነው፣ ደርቡ" ሲለን ሰማሁና ዝናቡን መጠበቅ ጀመርኩ። አንድ ሳምንት ጠበቅኩ፤ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። ሰማዩ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና እንኳ የለችም። ፀሐይዋ እንደ ጥር ፀሐይ ታበራለች፣ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። እናቴን "ዝናቡ መቼ ነው የሚመጣው?" ብላት "እዚህ ክረምቱ ደረቅ ነው አሉ" አለችኝ። ደረቅ ክረምት! አገሩ አንድ ነገር የጠፋበትና ሰዉ ገና ያላወቀ መሰለኝ።

አባቴ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው አራት ዓመቴ ሳለ ነው። ሆሳዕና ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶው ውስጥ ትከሻው ሰፊ፣ ጃኬቱ አዲስ፣ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ ሰው ነው። የተቀበለን ሰው ግን ቀጭን ነበር፤ ግራ እጁ በጀሶ ተለስኖ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ጀሶ የማውቀው ግድግዳ ላይ ነው። ሰው ሲለሰን አይቼ ስለማላውቅ ሰውዬው ገና ተሠርቶ ያላለቀ መሰለኝ። ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቅኩ። "ትልቅ ሆነሻል" አለኝ፤ ከዚያ ሻንጣችንን በቀኝ እጁ አንስቶ ቀደመን።

ነገሩን የሰማሁት ቆይቼ ነው። ኦሬንጅ ፋርም በሚባል የከተማ ዳር ሰፈር ውስጥ ስፓዛ ነበረው፤ ዳቦ፣ ዘይት፣ ሳሙና የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ። እኛ ከመምጣታችን ከሦስት ሳምንት በፊት በጠራራ ፀሐይ ሰዎች መጥተው ዘረፉት። ፍሪጁን ወሰዱ፣ መደርደሪያዎቹን ሰባበሩ፣ ሊያስቆማቸው ሲል እጁን መቱት። መደርደሪያዎቹን በገዛ እጁ ነበር የሠራቸው። ከዚያ ወዲህ መሀል ከተማ አንድ ክፍል ተከራይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር።

እናቴ ገና ሆሳዕና ሳለን "የምንኖረው ሆቴል ውስጥ ነው" ብላኝ ነበር። ለእኔ ሆቴል ማለት ምግብ ቤት ነው፤ ጥብስ የሚያዝዙበት፣ አስተናጋጁ ትከሻው ላይ ፎጣ የሚጥልበት። የደረስን ዕለት ጠረጴዛዎቹን ፈለግኳቸው። ያገኘሁት ግን ቀይ ጡብ ለብሶ ጥግ ላይ የቆመ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ነበር፤ ራሱ ላይ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ያለ የቆርቆሮ ግንብ፣ ፊቱ ላይ ደግሞ የሴት ነጠላ ጥለት የመሰለ የብረት በረንዳ። ብረት እንደ ጥልፍ ተጠልፎ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሆቴልነቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ምድር ቤቱ በሙሉ ሱቅ ነው፤ ላይ ያሉት ክፍሎች በኮምፐርሳቶ እየተከፈሉ በያንዳንዱ አንድ ቤተሰብ ይኖራል። የእኛ ክፍል በደጉ ዘመን የሀብታም ክፍል ነበረች። መስኮቷ ወደ መንገዱ ሆድ አውጥቶ ሦስት ሰው ያስቀምጣል። ጣሪያዋ አበባ የታተመበት ቆርቆሮ ነው። ግን ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ የሚባል አይገባባትም፤ ትንፋሻችን እንደ ጭስ ይታይ ነበር።

ትምህርት ቤት ወረቀትሽ ይሟላ ተባልኩ። እናቴ ምድር ቤት መጋረጃ ስፌት ሥራ አገኘች። እኔ ፊቱን ካዞረ ሰው ጋር ቀረሁ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ቀስ ብዬ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ አንዲት አሮጊት ተንበርክካ እንጨቱን በጨርቅ ታሻሻለች። ያ ሽታ የመጣው ከእሷ ቆርቆሮ ነው፤ ሰምና ነዳጅ የተደባለቀበት። ቀና ብላ አየችኝና "ሳውቦና" ብላ በዙሉ ቋንቋ ሰላም አለችኝ። መልሱን ስለማላውቅ ጨርቋን እያየሁ ቆምኩ። በሷ ቤት የፈራሁ ሳይሆን ሥራ የፈታሁ ሆኜ ታየኋት መሰለኝ ጨርቋን ለሁለት ቀድዳ ግማሹን ወረወረችልኝ።

የሕንጻው ሰው ሁሉ ጎጎ ይላታል። ስሟ መስሎኝ ነበር። በኋላ ገበያ ስንሄድ አንዷን ዳቦ ሻጭ ጎጎ ሲሏት፣ ሌላዋንም ታክሲ ውስጥ ጎጎ ሲሏት ሰምቼ በዚህ አገር ለአሮጊት ሁሉ አንድ ስም እንደሚያወጡ ለእናቴ ነገርኳት። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት እንደሆነ የገባኝ ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው፤ እስከዚያ በስሟ የጠራኋት መስሎኝ አያቴ አድርጌያት ነበር።

ሥራችን ይህ ነበር። የደረጃውን መደገፊያ ከሥር የተሸከሙት፣ ወገባቸው ቀጭን ዳሌያቸው ሰፊ ሆኖ የተቀረጹ አጫጭር የእንጨት ቋሚዎች አሉ። እነሱን አንድ በአንድ እናሻለን። ለእኔ ሴቶች ነበሩ፤ ተሰልፈው የቆሙ ሙሽሮች። አንዳንዱ ቦታ ግን ሙሽሪት የለችም፤ ክፍተቱ እንደ ወለቀ ጥርስ አፉን ከፍቷል። አሥራ አራት ጎድለዋል። "የት ሄዱ?" ብዬ በእጄ ስጠይቃት ጎጎ እጇን እሳት ላይ እንደሚሞቅ ሰው አደረገች። ብርዱ የጠናበት ሰው እየነቀለ አንድዷቸዋል።

በእንግሊዝኛም በዙሉም በእጅም ነበር የምናወራው። ጎጎ ቤቱን እንደ ዘመድ ታስተዋውቀኝ ነበር። መግቢያው ላይ በአቧራ የተሸፈነውን ወለል ውኃ ረጭታ ስትጠርገው ቀይና ሰማያዊ ኮከቦች ወጡ። ከበረንዳው የብረት ምሰሶ ግርጌ የተቀረጸውን ፊደል በጣቴ አስነካችኝ፤ በእንግሊዝ አገር ያለ የአንድ ከተማ ስም ነው፤ ብረቱ እዚያ ቀልጦ ተሠርቶ በመርከብ መጣ። ከሁሉ የምወደው ግን በደረጃው መታጠፊያ ላይ ያለው ባለ ቀለም መስታወት ነበር። በስተኋላ ስለሆነ ቀትር ላይ ፀሐይ ይገባበታል። ያኔ ደረጃው ላይ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ይነጠፋል፤ እኔና ጎጎም እዚያ ቁጭ ብለን ዳቦ እንበላለን። ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀው እሱ ብቻ ነው።

በእነዚያ ወራት አንድ ሰው ያስፈራኝ ነበር፤ የባለቤቱ ወኪል። ቁልፍ እያቃጨለ ይመጣና ግድግዳውን በእግሩ እየነካ በንዴት ያወራል። ከሚለው ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ይሰማኛል፤ ቪክቶሪያ፣ ቪክቶሪያ። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ቪክቶሪያ የምትባል ሴት ናት ብዬ ደመደምኩ። ሰውየውን እንዲህ የምታንቀጠቅጠው እሷ ናት። አንድ ቀን መጥታ ሁላችንንም ታስወጣናለች።

ፍርሃቱ ሲብስብኝ አንድ ከሰዓት አልጋው አጠገብ ቆምኩና ለአባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ አወራሁት። "ቪክቶሪያ የምትመጣው መቼ ነው?"

ዞረ። "የቷ ቪክቶሪያ?"

"የቤቱ ባለቤት። ያ ሰውዬ ሁልጊዜ የሚጠራት።"

ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ሳቀ። ፎቶው ላይ ያለው ጥርስ ሁሉ ታየ። "ልጄ፣ ቪክቶሪያ እኮ ከሞተች ቆይታለች! የእንግሊዝ ንግሥት ነበረች። በእሷ ጊዜ የተሠራ ቤት ቪክቶሪያን ይባላል። ሰውዬው ቤቱ አርጅቷል እያለ ነው የሚሳደበው።"

"ደረጃውን ነው የሚሰድበው?"

"የቱ ደረጃ?"

ከመጣ ጀምሮ ሲወጣና ሲወርድ አንገቱን እንደደፋ ነበርና ደረጃውን አላየውም። እጁን ይዤ ወሰድኩት። ጎጎን ሲያገኛት ደነገጥኩ፤ በአማርኛ ቃል የሚቸግረው ሰው በዙሉ ቀልደኛ ሆነ። ከሱቁ ደንበኞች የለመደው ነው። እሷ እየሳቀች ትከሻውን መታችው። ከዚያ ቁጭ ብሎ አንዱን ቋሚ በአውራ ጣቱ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰ፤ ሽማግሌ የልጅ ግንባር እንደሚዳስስ።

"ጥሩ እንጨት ነው" አለ። "የሠራውም ሰው ጥሩ ነበር።"

ጎጎ የነገረችውን የተረጎመልኝ ያን ቀን ነው። ሆቴሉ ውስጥ አልጋ አንጣፊ ሆና የገባችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት የተወለደው እንግሊዝ አገር፣ ባሕር ዳር ባለች ከተማ ነው፤ እዚያ የሚያውቀውን የአንድ ሆቴል ፕላን አስልኮ እዚህ አስቆመው። የዚያኛው ፎቶ በመስታወት ተደርጎ እንግዳ መቀበያው ላይ ተሰቅሎ ነበር። እሷ የሁለቱን ቤት ልዩነት ፈልጋ አጥታለች።

አባቴ መስኮቶቹን አየና ራሱን ነቀነቀ። "ለዚህ ነው የሚበርደን! በእነሱ አገር ፀሐይ በደቡብ ታልፋለች፤ እዚህ በሰሜን ነው። ሰውዬው ትልልቁን መስኮት ሁሉ ወደ ደቡብ ከፈተው። ፀሐይዋ የት እንዳለች ሳይጠይቅ።"

ጎጎ ሲነግራት በሳቅ ፈረሰች። "ለዚህ ነበር! እንግዶቹ ከፊት ሆነው ይንቀጠቀጣሉ፣ እኛ ከኋላ በሠራተኛ ክፍል ፀሐይ እንሞቃለን።"

ሳምንት ሳይሞላ ያልታሰበው ነገር ደረሰ። ከጎናችን የምትኖረው ብርድ ልብስ ነጋዴዋ እታፈራሁ እቃዋን አቅፋ ስትወርድ በክፍተቱ በኩል መደገፊያው ከዳት፤ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። በማግስቱ ወኪሉ መጣ። ደረጃው በወሩ መጨረሻ ይነቀላል፤ ቦታው ላይ ስምንት ሱቅ ይወጣል፤ ሰዉ በኋላው የሠራተኛ ደረጃ ይጠቀም አለ። የኋላው ደረጃ አንድ ሰው ትከሻውን ሰብስቦ የሚያልፍበት ነው። ጎጎም ሥራዋ ደረጃው፣ መኝታዋም ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል ነበረች። ባልዲዋን አስቀምጣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አላለቀሰችም፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

ሰዉ ተጠራርቶ ሲንጫጫ አባቴ በመካከሉ ወረደ።

"እሳት ቢነሳ ይህ ሁሉ ሰው በየት ይወርዳል?" አለው ወኪሉን በእንግሊዝኛ።

"በተሰበረ ደረጃስ በየት ይወርዳል?"

"እኔ እጠግነዋለሁ።"

ወኪሉ ጀሶውን አየ። "በየትኛው እጅህ?"

አባቴ ቀኝ እጁን አነሳ። "በዚህ። ሦስት ሳምንት ስጠኝ።"

ሰውዬው ከከተማው አስተዳደር የሕንጻ ተቆጣጣሪ እንደምትመጣ፣ አንዲት ቋሚ እንኳ ብትነቃነቅ ደረጃውን ራሱ ነቅሎ እንደሚጥለው ተናግሮ ሄደ።

ያን ማታ እናቴ "ደሳለኝ፣ ምነው? ገና እጅህ አልዳነም" አለችው። አባቴ "አባቴ የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ወንበር ሁሉ ሲሠራ እንጨት የምይዝለት እኔ ነበርኩ" አላት። "መሮ ይዤ ከቀረጽኩ አምስት ዓመቴ ነው። ሱቅ ሲዘረፍ ሱቄን ወሰዱ እንጂ ይህን አልወሰዱም።" አናጢ እንደነበር እኔ አላውቅም ነበር።

መሮ፣ መጋዝና መላጊያ ከቤተ ክርስቲያን ወንድሞች ተዋሰ። እንዲህ ያለ እንጨት የሚቀረጸው እያሽከረከረ በሚቀርጽ ቶርኖ ማሽን ነው፤ ቶርኖ ከየት ይምጣ? በእጅ ሊወጣ ነው። እንጨቱም አልነበረም። የሰማው ሁሉ ያለውን አመጣ፤ የጠረጴዛ እግር፣ የተሰበረ ቁም ሣጥን። እታፈራሁ ሆስፒታል ሆና መልእክት ላከች። "እኔ እግሬን ሰብሬአለሁ፤ አልጋዬም እግሩን ይስጥ በሉት።" አራት ወፍራም የአልጋ እግር አገኘን።

ባለ ቀለሙ መስታወት ሥር ነበር የሚሠራው፣ ፀሐይ ስላለ። እንጨቱን በጉልበቶቹ መካከል ይይዛል፤ ጫፉን እኔ በሁለት እጄ እጫናለሁ፤ እሱ በቀኙ ይቀርጻል። የእኔ ሌላው ሥራ ብርጭቆ ወረቀት ነው። "አትቸኩይ" ይለኛል። "እንጨቱ የሄደበትን መንገድ ተከትለሽ ፈግፍጊው። በተቃራኒው ከሄድሽ ይቆጣል።" በአንድ ክረምት የተናገረኝን ቃል ብቆጥር ግማሹ ስለ እንጨት ነው። ለእኔ ግን ይበቃኝ ነበር። የመጀመሪያዋን ሙሽሪት ሲጨርስ ጎጎ ከነባሮቹ አጠገብ አቁማ ገመገመቻት። ዳሌዋ ከሌሎቹ ወፈር ብሏል። "ይቺኛዋ በልታለች" አለች። አባቴ ሊጥላት ሲል ጎጎ ነጥቃው ቦታዋ ላይ ሰካቻት። "ከበሉት አንዷ ትኑር።"

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሐኪም ቤት ሄዶ ጀሶው ተፈታ። ክንዱ ነጭና ቀጭን ሆኖ ወጣ። ሥራው ከዚያ በኋላ ፈጠነ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ እናቴ ከስፌት ወጥታ ለአንድ ሰዓት ከእኛ ጋር ታሻለች፤ አንዳንድ ቀን የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ እየወጡ እየወረዱ ጨርቅ ያነሳሉ።

ተቆጣጣሪዋ በምትመጣበት ቀን ጠዋት እናቴ በሩ ላይ ቆመች። የአባቴ የጥገኝነት ወረቀት በተኛበት ጊዜ አልፎበታል፤ ሊያሳድሰው ሁለት ጊዜ ተሰልፎ አልደረሰውም። "አንተ እዚህ ቆይ" አለችው። "ሌላ ሰው ይናገር። ወረቀት ብትጠይቅህስ?" አባቴ ጫማውን አሰረና "ስለ ሥራዬ ሌላ ሰው አይመልስልኝም" ብሎ ወጣ።

ተቆጣጣሪዋ ወፈር ያለች፣ መነጽር ያደረገች ሴት ነበረች። አንድም ቃል ሳትናገር ከታች ጀመረች። በየደረጃው ትቆምና መደገፊያውን በዳሌዋ ገፋ ታደርገዋለች። ከላይ ደርሳ ተመለሰች። በልታለች በተባለችው አጠገብ ስትደርስ ጎንበስ አለች።

"ይህን የሠራው ማን ነው?"

ደረጃው ላይ ከነበረው ሰው ሁሉ አንድም ወደ አባቴ አልዞረም። ሊሸሽጉት ነው።

"እኔ ነኝ" አለ አባቴ።

"የት ተማርክ?"

"ከአባቴ። ሆሳዕና።"

"ሆሳዕና?" መነጽሯን ዝቅ አደረገች። "መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እንዳለው?"

"ከተማ ነው። የእኔ ከተማ።"

ጻፈች። ከዚያ ወደ ወኪሉ ዞራ ደረጃው ጽኑ መሆኑን፣ የቤቱ ዋና መውጫ ስለሆነ ማንም ሊነቅለው እንደማይችል፣ ሥሩ የተከመረው ካርቶንም ዛሬውኑ እንዲነሳ ነገረችው። ወረቀት አልጠየቀችም። ስትወጣ ለአባቴ እጇን ዘረጋችለት።

ሰዉ እልል አለ። አባቴ ግን ጎጎን ይፈልግ ነበር። ከታች ባልዲዋን ይዛ ቆማለች። "ጎጎ፣ እርስዎ ይቅደሙ" አላት በዙሉ፤ እኔ ያን ያህል ይገባኝ ነበር።

ጎጎ ባልዲውን አየችው። ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሽርጧን ፈታች። በልጅነቷ የእሷ ብጤ ጥቁር ሰው በዚህ ደረጃ የሚወጣው ሊወለውለው ብቻ ነበር፤ ሊያልፍበት ከሆነ በኋላው ነው። ጥቁርና ነጭን የሚለየው ሕግ ከቀረ ወዲህም ልማዱ አልለቀቃትም። መደገፊያውን ያዘችና አንድ እርምጃ ወጣች። መታጠፊያው ላይ ደርሳ ቀዩ ብርሃን ፊቷ ላይ ሲያርፍ ዘወር ብላ አንድ ነገር ተናገረች። አባቴ ተረጎመልኝ።

"ባዶ እጄን በዚህ ደረጃ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው አለች።"

ሦስተኛው ፎቅ ድረስ ወጣች። እኛ ከታች አንገታችንን ሰቅለን ጠበቅን። ስትወርድም አልቸኮለችም።

ጎጎ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ትውልድ መንደሯ፣ ወደ ልጆቿ ሄደች። እኛም ሌላ ሰፈር ገባን። ባለፈው ወር መጋረጃዬን ይዤ ስወርድ አሥራ አራቱም በየቦታቸው ነበሩ፤ ያቺ በልታለች ከተባለችው በቀር ከነባሮቹ መለየት አቃተኝ። አንድ ሰው አሁንም ሰም ይቀባቸዋል። ማን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ይባረክ።

የዚያ ክረምት መጨረሻ ለእኔ ግን ተቆጣጣሪዋ የመጣችበት ቀን አይደለም። ከዚያ ሁለት ቀን ቆይቶ፣ አባቴ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ፣ በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። ከሦስተኛው ፎቅ የወረደች የማላውቃት ሴት ናት፤ ልጅ አዝላለች። በሯ ከማጠፊያው ወልቆባት አልዘጋ ብሏታል።

"አናጢው እዚህ ነው የሚኖረው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። "አባቴ ነው። ግቢ፣ አሁን ይመጣል።"